ከሞተሩ በፊት የኋላ አክስሉ

አሮጌ የአሜሪካ ማስል ካር ገዝቶ ጉልበት ልጨምርለት የሚል ሰው ኪሱን መጀመሪያ የሚፈታው ለሞተር ነው። ካርቡሬተሩ ይለወጣል፣ የጭስ ማውጫው ይሰፋል፣ አቅም ካለም ስድስት ሲሊንደሩ ወጥቶ ስምንት ሲሊንደር ይገባል። ከዚያ ካምቢዮ፣ ከዚያ ቀለም፣ ከዚያ ቸርኬ። በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መካከል በግራሶና በጭቃ ተለውሶ የተጋደመውን አክስል ግን ካልጮኸ ወይም ካልተሰበረ የሚያስታውሰው የለም። ይህ ቅደም ተከተል የተገለበጠ ነው ባይ ነኝ። ጉልበት ለመጨመር ያሰበ ሰው ሥራውን ከኋላ አክስሉ ይጀምር፤ የሚያስገባውንም አክስል በዝናው ሳይሆን መኪናው በሚሠራው ሥራ ልክ ይምረጥ። እንዲያ ካደረገ ብዙውን ጊዜ የሚበቃው ከአሮጌ መኪና ማፍረሻ ግቢ የሚገኝ፣ ማንም የማይመኘው የቤተሰብ መኪና አክስል ነው። ይህን ሐሳብ የሚቃወሙ አሉ፤ ተቃውሟቸውም ከመሬት የተነሳ አይደለም። ወደ እነሱ ከመሄዴ በፊት ግን አክስሉ ምን እንደሚሸከም እንይ።

የሞተር የመጠምዘዝ ኃይል እንደወጣ ጎማ ላይ አይደርስም። ካምቢዮው ያባዛዋል፣ የኋላ አክስሉ ደግሞ የተባዛውን እንደገና ያባዛል። 400 ኒውተን ሜትር የመጠምዘዝ ኃይል ያለው ስምንት ሲሊንደር ሞተር እንውሰድ፤ ለ1960ዎቹ አሜሪካ የተጋነነ ቁጥር አይደለም። ፎርድ በዘመኑ ይገጥመው ከነበረው ባለ አራት ማርሽ ካምቢዮ አንዱ በአንደኛ ማርሽ 2.78 ጊዜ ያባዛ ነበር፤ 400ው 1,112 ሆነ ማለት ነው። አክስሉ ውስጥ ያለው ትንሹ ማርሽ፣ ፒኞኑ፣ ትልቁን ክብ ማርሽ አንድ ዙር ለማዞር 3.5 ጊዜ የሚዞር ከሆነ ደግሞ ኃይሉ ወደ 3,900 ኒውተን ሜትር ይጠጋል። ከሞተሩ የወጣው አሥር እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ይህ ሁሉ የሚያርፈው በአንድ ቅጽበት በሚነካኩ ጥቂት ጥርሶችና ውፍረታቸው ሦስት ሴንቲ ሜትር አካባቢ በሆነ ሁለት ዘንጎች ላይ ነው። ነጂው ሞተሩን አጩሆ ፍሪሲዮኑን በድንገት ሲለቅ የሚፈጠረው ምት ከዚህም ስሌት ይዘልላል። በድሮ ጊዜ አክስሉን ያድነው የነበረው ጎማው ነበር፤ የ1960ዎቹ ጠባብ ጎማ ጉልበት ሲበዛበት ይንሸራተትና ጭስ ያስነሳል እንጂ አስፋልቱን ጨብጦ አይዝም። የዛሬው ሰፊ ራዲያል ጎማ ግን ይይዛል። ማምለጫ ያጣው ኃይል ደካማውን ቦታ ፈልጎ ያገኛል። ሞተር ቀይሮ አክስሉን እንዳለ መተው ጥማዱን በሰንጋ በሬ ለውጦ በዚያው በሳሳ ሞፈር እንደማረስ ነው።

ይህን ከማንም በላይ የሚያውቁት የፋብሪካዎቹ መሐንዲሶች ነበሩ። ማስል ካር የሚባለው ዓይነት የተወለደው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ፖንቲያክ መካከለኛ መጠን ባለው መኪናው ላይ የትልቅ መኪና 6.4 ሊትር ሞተር አስገብቶ ጂቲኦ ብሎ ሲሸጠው ነው ይባላል። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ፎርድ ሙስታንግን አወጣ። አጥባቂዎቹ ሙስታንግን ከማስል ካር ተርታ አያስገቡትም፤ ክርክሩን ለእነሱ እንተወው። የ1965ቱን ሙስታንግ ከሥሩ ገብቶ ያየ ሰው የሚያገኘው አንድ መኪና ሳይሆን ሦስት ነው። ስድስት ሲሊንደር ያለው ተራው ሙስታንግ የኋላ አክስሉ ትልቅ ማርሽ 7.25 ኢንች ስፋት ነበረው፤ ጎማዎቹም የታሰሩት በአራት አራት ብሎን ነበር። ስምንት ሲሊንደር ለከፈለ 8 ኢንች አክስልና አምስት ብሎን ተሰጠው። 271 የፈረስ ጉልበት ያለውን ልዩ ሞተር ያዘዘ ደግሞ ባለ 9 ኢንቹን አገኘ። ገላው አንድ፣ በሮቹ አንድ፣ መብራቶቹ አንድ፤ ከታች ግን ሞተሩ በጨመረ ቁጥር አክስሉም አብሮ ጨምሯል።

የክራይስለር ነገር ከዚህ የበለጠ ያስተምራል። 425 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተመዘገበው 426 ሄሚ ሞተር ከባለ አራት ማርሽ የእጅ ካምቢዮ ጋር ሲታዘዝ ፋብሪካው ከሥሩ ዴና 60 የተባለውን፣ ለከባድ ፒክአፕ የሚሆን፣ ትልቁ ማርሹ 9.75 ኢንች የሆነ አክስል ይገጥም ነበር። ያው ሄሚ በአውቶማቲክ ካምቢዮ ሲመጣ ግን በአብዛኛው 8.75 ኢንቹ ይበቃዋል ተባለ። ሞተሩ ያው ነው፣ መኪናውም ያው ነው። ልዩነቱ በሰው እግር የሚለቀቅ ፍሪሲዮን መኖር አለመኖሩ ብቻ ነበር። አውቶማቲኩ ኃይሉን በፈሳሽ አለዝቦ ያስተላልፋል፤ የሰው እግር ግን አያለዝብም። ስለዚህ አክስል የሚመረጠው ለሞተሩ ቁጥር ብቻ ሳይሆን መኪናው እንዴት እንደሚነዳም ታይቶ ነው፤ ይህን የወሰኑትም ትርፍና ኪሳራ የሚቆጥሩ ፋብሪካዎች ናቸው። ሳያስፈልግ ከባድ ብረት ለደንበኛ የሚያድል ኩባንያ የለም።

ነገሩ የተበላሸው ከዚህ በኋላ ነው። በ1973 እና በ1979 ነዳጅ ሲወደድ፣ መንግሥትም የፍጆታ ደንብ ሲያወጣ፣ የአሜሪካ ፋብሪካዎች መኪኖቻቸውን አቀለሉ። ሞተሩ ስለደከመ አክስሉም ትንሽ ቢሆን አያስከፋም ነበር። በ1980ዎቹ ግን ጉልበቱ ቀስ በቀስ ሲመለስ አክስሉ ወደ ኋላ ቀረ። ስምንት ሲሊንደሩ ሙስታንግ እስከ 1985 ድረስ በ7.5 ኢንች አክስል ነበር የሚሄደው፤ በዚያ ዓመት ሞተሩ 210 የፈረስ ጉልበት ደርሶ ነበር። ፎርድ 8.8 ኢንቹን ያስገባለት በ1986 ነው። ጄኔራል ሞተርስ ከዚያም ዘገየ። ከ1982 እስከ 1992 የተሠራው ካማሮ 5.7 ሊትር ሞተር እንኳ ተጭኖበት አብዛኛው ትንሽ አክስል እንደያዘ ቀርቷል፤ በአንዳንዶቹ ላይ ብቻ ከአውስትራሊያ የመጣ ሌላ አክስል ተገጠመ። እንግዲህ ዛሬ በሰው እጅ ያሉት አሮጌ መኪኖች ሁለት ዓይነት ጉድለት አለባቸው። ገሚሱ ከፋብሪካ ሲወጣ ለደካማ ሞተር ተመጥኖ ነበር፤ ባለቤቱ በኋላ ሞተሩን ቀየረው። ገሚሱ ደግሞ ገና ከፋብሪካው ጀምሮ አልተመጠነም። በሁለቱም ላይ የሚጨመር እያንዳንዱ የፈረስ ጉልበት በዕዳ ላይ የተጨመረ ዕዳ ነው።

እንቀይር ከተባለ ወደ ምን? እዚህ ላይ መጀመሪያ የሚጠራው ስም የፎርድ ባለ 9 ኢንች ነው፤ የጄኔራል ሞተርስ መኪና ያላቸው ሳይቀሩ በስሙ ይምላሉ። ክብሩ ይገባዋል። ከ1957 እስከ 1986 ድረስ በፎርድ መኪኖችና ፒክአፖች ላይ ተሠርቷል። ማርሾቹን የያዘው ክፍል በሙሉ ከፊት በኩል ብሎኑ ተፈትቶ ስለሚወጣ ሜካኒኩ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ አስተካክሎ ይመልሰዋል፤ በብዙዎቹ ሌሎች አክስሎች ግን መኪናው ሥር ተጋድሞ ነው የሚሠራው። ፒኞኑን ከጥርሱ በስተጀርባ ካሉት ሁለት ኩሽኔታዎች ሌላ ከጥርሱ ወዲያ ማዶ ያለ ሦስተኛ ኩሽኔታ ስለሚደግፈው ከባድ ጭነት ሲመጣ አይሸሽም። የአሜሪካ ናስካር ዋና ውድድር በ2022 መኪኖቹን በአዲስ ንድፍ እስኪቀይር ድረስ መኪኖቹ ይሮጡበት የነበረው አክስል ሥረ መሠረቱ ይኸው ነው። ይህን ያህል ዘመን በውድድር የተፈተነን ዕቃ ማንቋሸሽ አይቻልም።

ሆኖም ዝና ዋጋ ያስከፍላል። የዚህ አክስል ፒኞን ከትልቁ ማርሽ መሐል ከሌሎቹ ይልቅ በጣም ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ነው። ጥንካሬውን ያገኘው በከፊል ከዚህ ነው፤ ነገር ግን ጥርስ በጥርስ ላይ የሚንሸራተተው ስለሚበዛ ሞተሩ ከሚያመነጨው ኃይል የተወሰነው ጎማ ሳይደርስ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ጉልበት ለመጨመር ብሎ ጉልበት የሚበላ አክስል መግጠም፣ የሚያስፈልግ ካልሆነ በቀር፣ የሚያስቅ ነገር ነው። በዚያ ላይ ማምረቱ ከቆመ አርባ ዓመት ስለሞላ በየማፍረሻው ግቢ እንደ ዘበት የሚነሳ ባለ 9 ኢንች የለም። የዛሬ ገዢ የሚገዛው አዲስ የተሠራ፣ የፎርድን ንድፍ የተከተለ የሌላ ኩባንያ ዕቃ ነው፤ ሙሉውን ሲገዙት በሺዎች ዶላር ይቆጠራል። ውድድር ሜዳ ለሚገባ ይገባዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተሰቡን ይዞ ለሚሸራሸር ሰው ግን ለስሙ እንጂ ለሥራው አልከፈለም።

እኔ የምደግፈው አክስል የመጣው ከፎርድ ኤክስፕሎረር ነው። በተለይ ከ1995 እስከ 2001 የተሠራው ባለ 8.8 ኢንቹ። ኤክስፕሎረር ቤተሰብ ከነሻንጣው የሚጫንበትና ጀልባ የሚጎተትበት ከባድ መኪና ስለነበር አክስሉ ለጭነት የተሠራ ነው፤ የጎማ ዘንጎቹ በዚያው ዘመን ከነበረው ሙስታንግ ይወፍራሉ፣ ከኋላ ዲስክ ፍሬን አለው፣ ብዙዎቹም አንዱ ጎማ ሲንሸራተት ለሌላውም ኃይል የሚያካፍል ዲፈረንሻል ይዘው ነው የወጡት። የአምስቱ ብሎኖች አቀማመጥ ከ1960ዎቹ ስምንት ሲሊንደር ሙስታንግ ጋር አንድ ነው። 8.8 ኢንች ከ9 ኢንች አንሶ ደካማ የሚመስለው ሰው ካለ፣ 662 የፈረስ ጉልበት የነበረው የ2013ቱ ሙስታንግ፣ ሼልቢ ጂቲ500፣ ከፋብሪካ የወጣው በዚሁ በ8.8 ቤተሰብ አክስል እንደነበር ይወቅ። የዋሽንግተን ኢትዮጵያውያን ባለ ታክሲዎችም ይህን አክስል ስሙን ሳይሰሙት ያውቁታል። ለዓመታት የነዱት የፎርድ መኪና፣ ክራውን ቪክቶሪያ፣ የተቀመጠው በ8.8 ኢንች አክስል ላይ ነበር፤ ቀን ከሌሊት እየተነዳ ምን ያህል እንደሚችል ከእነሱ የተሻለ ምስክር አይገኝም።

አቅርቦቱም አስተማማኝ ነው። ኤክስፕሎረር በአሜሪካ መንገድ ላይ እንደ አሸዋ የበዛ መኪና ነበር። የአሜሪካ መንግሥት በ2009 ክረምት ነዳጅ የሚበሉ መኪኖችን በገንዘብ እየሰበሰበ ከመንገድ ሲያስወጣ ከገቡት ከ670 ሺህ በላይ መኪኖች መካከል በብዛት ከፊት የተሰለፈው በአራቱም ጎማ የሚነዳው ኤክስፕሎረር ነበር። ሞተሮቹ ተመልሰው እንዳይነሱ ኬሚካል ተጨምሮባቸው እስኪደርቁ ድረስ እንዲሠሩ ተደረገ። ሕጉ ግን ካምቢዮው፣ ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግና የኋላ አክስሉ ተነጥለው እንዲሸጡ ፈቅዶ ነበር። ሕግ አውጪዎቹ የማስል ካር አፍቃሪ ስለነበሩ አይመስለኝም፤ ብቻ ሞተሩን የገደለ ሕግ አክስሉን ማረው።

አሁን ደግሞ ሥራው ቀላል እንዳልሆነ በግልጽ መናገር ይገባል። የኤክስፕሎረሩ አክስል ከጎማ መቀመጫ እስከ ጎማ መቀመጫ 59.5 ኢንች ገደማ ነው፤ የ1965 እና የ1966 ሙስታንግ አክስል ከእሱ በሁለት ኢንች ያህል ይጠብባል። እንዳለ ቢገጠም ጎማው የጭቃ መከላከያውን ሊነካ ይችላል። መፍትሔው ጥበብ ያለበት ነው። የኤክስፕሎረሩ አንድ ጎን ከሌላው ይረዝማል፤ ስለዚህ ረጅሙ ቱቦ ወደ ሦስት ኢንች ይቆረጥና ከሌላ ኤክስፕሎረር የተገኘ ሁለተኛ አጭር ዘንግ ይገባበታል። ሁለቱ ጎን እኩል ይሆናል፣ ፒኞኑም መሐል ላይ ይመጣል፤ በልዩ ትእዛዝ የሚሠራ ዘንግ አያስፈልግም። የባሌስትራ መቀመጫዎቹ ግን ተቆርጠው በሙስታንጉ ልክ እንደገና መበየድ አለባቸው። የብየዳው ሙቀት ቱቦውን ካጣመመው ኩሽኔታው በጥቂት ወራት ይበላል። መቀመጫው ሲበየድ ፒኞኑ የሚያይበት ዝንባሌም ከካምቢዮው ጋር ካልተናበበ መኪናው ፍጥነት ሲጨምር ወለሉ ይንቀጠቀጣል።

ማርሹ ተቀይሮ ከሆነ ደግሞ በዓይን የሚፈረድ ሥራ አለ። ሜካኒኩ በትልቁ ማርሽ ሦስት አራት ጥርሶች ላይ ቢጫ ቅባት ይቀባል፣ ማርሹን በእጁ ወደፊትና ወደኋላ ያዞራል፣ ከዚያ ፒኞኑ ቅባቱን የጠረገበትን ቦታ በባትሪ ያያል። የተጠረገው ቦታ ከጥርሱ መሐል ላይ ሞላላ ሆኖ ከተቀመጠ ደህና ነው። ወደ ጫፉ ከወጣ ወይም ወደ ሥሩ ከወረደ ሁሉም ይፈታል፤ ከፒኞኑ ኩሽኔታ ሥር ያለችው ቀጭን የብረት ቀለበት በሌላ ተቀይራ እንደገና ይገጠማል፣ እንደገና ይቀባል። በጥርሶቹ መካከል የሚተወው ክፍተት ከሩብ ሚሊ ሜትር ብዙ የማይርቅ ነው። ይህን ትዕግሥት የሌለው ሰው የሠራው አክስል በመቶ ኪሎ ሜትር ላይ ያፏጫል፤ ፉጨቱም ከዓመት ዓመት አይሻልም።

ፍሬኑም አብሮ ይታሰብ። የ1965 እና የ1966 ሙስታንግ የፍሬን ዋና ፓምፕ ለአራቱም ጎማ አንድ ብቻ የሆነ መስመር ነበረው፤ አንዱ ቱቦ ቢፈስስ ፍሬኑ በሙሉ ይጠፋል። ፎርድ ሁለት መስመር ያለውን ያስገባው በ1967 ሞዴል ነው። የኋላውን ታምቡር በዲስክ የሚለውጥ ሰው ፓምፑንም ወደ ሁለት መስመር ማሳደግና የኋላው ፍሬን ከፊተኛው ቀድሞ እንዳይዝ የሚመጥን ቫልቭ ማስገባት አለበት። ይህን የዘለለ፣ አክስሉን አጠንክሮ ፍሬኑን አበላሽቷል።

ከሁሉ የበረታው ተቃውሞ ከቴክኒክ በኩል አይመጣም። የመኪናው ማንነት ይጠፋል የሚል ነው። ሰብሳቢዎች በሞተሩ፣ በካምቢዮውና በአክስሉ ላይ ያሉት ቁጥሮችና ቀኖች ከመኪናው ልደት ጋር እንዲገጥሙ ይፈልጋሉ፤ ጨረታ ላይ ዋጋው የሚወሰነው በዚህ ነው። ተቃውሞው ልክ የሚሆንበት ቦታ አለ። ሄሚ ሞተሩንና ዴና 60ውን ይዞ እስከ ዛሬ የቆየ መኪና፣ ወይም 271 የፈረስ ጉልበቱ ሙስታንግ፣ መነካት የለበትም። መነካትም አያስፈልገውም፤ ፋብሪካው አስቀድሞ ተገቢውን አክስል ሰጥቶታል። ነገር ግን በ1966 ብቻ ከ600 ሺህ በላይ ሙስታንጎች ተሠርተዋል፤ ከእነሱም ቀላል የማይባለው ክፍል ስድስት ሲሊንደር ነበር። ከእነዚህ አንዱን ገዝቶ ሞተሩን አውጥቶ የጣለ ሰው ስለ አክስሉ ቁጥር ሲጨነቅ ማየት ይገርማል። ማንነት የሚባል ነገር ካለ ከሞተሩ ጋር ሄዷል። ደግሞም ሙስታንግ የተሸጠው ደንበኛው ከረጅም ዝርዝር እየመረጠ የራሱን እንዲያዝ ተብሎ ነው፤ ይህን ሞተር ከፈለግህ ይህን አክስል ውሰድ ያለው ፋብሪካው ራሱ ነው። ስምንት ሲሊንደር አስገብቶ አክስሉን የሚያሳድግ ሰው የፋብሪካውን ደንብ እየፈጸመ ነው። አራቱን ብሎን እንዳለ የሚተወው ነው ደንቡን የጣሰው። ልቡ ያልጸና ባለቤት የወጣውን አክስል ዘይት ቀብቶ መጋዘን ያስቀምጠው፤ የሙስታንጉ ገላ ስላልተቆረጠ አንድ ቀን መመለስ ይቻላል።

ሌላው ተቃውሞ የሜካኒኮች ነው፦ አክስሉን ብታጠነክረው ቀጥሎ የሚሰበረው ካምቢዮው ነው፤ ድክመቱን አዛወርከው እንጂ አላጠፋኸውም ይላሉ። እውነት ነው። ጥያቄው ግን የት ይሰበር የሚል ነው። ካምቢዮ ሲሰበር መኪናው ጉልበት አጥቶ እየተንከባለለ ይቆማል፤ ነጂው መሪም ፍሬንም አለው። አክስል ሲሰበር ነገሩ ሌላ ነው። በብዙ አክስሎች ላይ፣ 8.8 ኢንቹንም ጨምሮ፣ የጎማውን ዘንግ ወደ ውጭ እንዳይወጣ የሚይዘው መሐል ዲፈረንሻሉ ውስጥ ያለች የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያላት ትንሽ ብረት ናት። ዘንጉ መሐል ላይ ከተሰበረ ውጭኛው ቁራጭ የሚያስረው የለም፤ ጎማው ይዞት ሊወጣ ይችላል። የአሜሪካው የድራግ ውድድር ማኅበር ኤን.ኤች.አር.ኤ ሩብ ማይሉን በ10.99 ሰከንድ ወይም ከዚያ ባነሰ የሚጨርስ መኪና የተለየ ዘንግና ዘንጉን ከውጭ የሚይዝ ማሰሪያ እንዲኖረው የሚያስገድደው ስለዚህ ነው። እዚህ ላይ ባለ 9 ኢንቹ ይበልጣል፤ ዘንጎቹ የሚታሰሩት ጎማው አጠገብ ነው። ስለዚህ የእኔ ምክር ወሰን አለው። መንገድ ላይ ለሚሄድ መኪና ኤክስፕሎረሩ ይበቃል፤ ያን ያህል ለሚሮጥ መኪና ግን ገንዘቡ ለባለ 9 ኢንቹ ይውጣ።

ስለ ነዳጅ የሚነሳው ጥያቄም ተገቢ ነው። ኤክስፕሎረሮች ብዙ ጊዜ 3.55፣ 3.73 ወይም 4.10 ማርሽ ይዘው ይመጣሉ። ዲያሜትሩ 66 ሴንቲ ሜትር በሆነ ጎማ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲነዳ፣ የካምቢዮው የመጨረሻ ማርሽ አንድ ለአንድ ከሆነ፣ በ3.00 ማርሽ ሞተሩ በደቂቃ 2,400 ዙር አካባቢ ይዞራል፤ በ3.55 ወደ 2,850፣ በ4.10 ደግሞ 3,300 ገደማ። በአውራ ጎዳና ላይ ልዩነቱ በጆሮም በኪስም ይሰማል። የድሮ ባለ ሦስት ማርሽ ካምቢዮ ያለው ሰው 4.10 የተጻፈበትን አክስል በርካሽ አገኘሁ ብሎ ቢያነሳ በኋላ ይጸጸታል። 3.55ቱን ይፈልግ፤ በአክስሉ ላይ የተሰቀለችው ትንሽ ቆርቆሮ ካልወደቀች ቁጥሩ ተጽፎባታል። አምስተኛ ማርሽ ላለው ግን 3.73 ምንም አይልም። ማርሹ ሲቀየር የፍጥነት መቁጠሪያውም ይዋሻል፤ ከካምቢዮው ጎን ያለችውን ትንሽ የፕላስቲክ ማርሽ መለወጥ ግን ከሥራው ሁሉ ቀላሉ ነው።

በቤት ጓሮ የተበየደ አክስል ሕዝብ በሚሄድበት መንገድ ላይ መውጣት የለበትም የሚሉም አሉ። በዚህ እስማማለሁ፤ እንዲያውም ከእነሱ በላይ እላለሁ። አንዳንድ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች አሮጌ መኪናን ዓመታዊ ምርመራ አይጠይቁትም፤ ስለዚህ መጥፎ ብየዳን ከባለቤቱ በቀር የሚያየው ላይኖር ይችላል። ቱቦ መቁረጥና መበየድ ቀጥ አድርጎ የሚይዝ መሣሪያ ያለው ቶርኖ ቤት የሚሠራው ሥራ ነው፤ መኪናን ወዳጅ የሆነ ሁሉ በያጅ አይደለም። የቶርኖ ቤቱ ዋጋ፣ የማርሽ ማስተካከያው ዋጋና የፍሬኑ ዋጋ ሲደመር ከማፍረሻው ግቢ በጥቂት መቶ ዶላር የተገዛው አክስል ርካሽ መሆኑ በከፊል ይቀራል። ያም ሆኖ ከአዲሱ ባለ 9 ኢንች አብዛኛውን ጊዜ ያንሳል፤ ያ ባለ 9 ኢንችም ቢሆን ፍሬንና የዝንባሌ ማስተካከያ አይቀርለትም።

አሜሪካ ያላችሁ አንባቢዎች ከእናንተ መካከል የ1965 ወይም የ1966 ሙስታንግ ዓይቶ ስምንት ሲሊንደር አስገባበታለሁ ብሎ የሚያስብ ካለ፣ የሞተሩን ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ጎንበስ ብሎ የኋላ ጎማውን ብሎኖች ይቁጠር። አራት ከሆኑ ገንዘቡን ይያዝና መጀመሪያ ኤክስፕሎረር ይፈልግ።